እናቴን ለማንሣት የመረጥኩት መጽሐፍ

ይህን የምጽፈው ወገባቸውን ይዘው ለተኙ፣ ከተኙ በኋላም መነሣት ለፈሩ ሰዎች ነው። ፈርዶሳ እባላለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። ሀርጌሳ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሴት ነኝ፤ ሥራዬ መጽሐፍ መደርደር፣ የተቀደደ መለጠፍና ልጆችን "ዝም በሉ" ማለት ነው። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመናገር እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ሆዮ እንላታለን፤ በሶማልኛ "እማ" ማለት ነው። ሀርጌሳ በጦርነት በተደበደበች ጊዜ እኔን በጀርባዋ አዝላ ድሬዳዋ ገባች፤ ጨርቅ እየሸጠች አሳደገችን፤ አገር ተረጋግቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይዛን ተመለሰች። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ድሬዳዋ ነው፤ እኩዮቼ ወልደው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ገና በማታው ክፍል "ሀ ሁ" እል ነበር። አማርኛ የንባብ ቋንቋዬ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለሆዮ ደግሞ የምስጢር ቋንቋዋ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማባት የምትፈልገውን ሁሉ በአማርኛ ትለዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ ዛለ። አንደበቷ ግን አልተነካም፣ አልሃምዱሊላህ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ የማነሣት እኔ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። ታናሽ ወንድሜ አብዲ ቡርዖ በምትባል ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ባለ ትዳር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሆዮን ብብቷ ሥር ይዤ ቀና ስል፣ ከወገቤ ወደ ቀኝ ዳሌዬ፣ ከዳሌዬም ወደ ባቴ አንድ ነገር እንደ ፈላ ውኃ ወረደ። እንደምንም ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንደ ባጃጅ አይንቀጠቀጥም።"

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ሽንቴን መርምሮ "ኩላሊት ነው" አለ። ኪኒን ዋጥኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፤ ሕመሙ ባሰ። ሁለተኛው ደሜን ወስዶ ታይፎይድ አለብሽ አለኝ። "የሚያመኝ ወገቤ ነው እኮ" ስለው፣ "ታይፎይድ ወገብም ያማል" ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ሦስተኛው ጋዝ ነው አለ። በእነዚህ ሁሉ ቤቶች የሴቶች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። አንድ ቀን ፈጽሞ የማላውቃት አሮጊት ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች። "ይቀመጡ፣ እኔ መቀመጥ ስለማልችል ነው" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ፤ "ብቻሽን እንዳትቆሚ ነው።" ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ በዱዓዬ ውስጥ አለች።

ጎረቤታችን ሩቅያ ደግሞ የራሷ መድኃኒት ነበራት። "ወገብ በጋለ ብረት ካልተተኮሰ አይድንም፤ የሚተኩስ ሰው አውቃለሁ" አለች። ሆዮ ወዲያው ወደ አማርኛዋ ዞረች፦ "አንቺ ልጅ፣ እንዳትሰሚያት! እኔን በልጅነቴ ተኩሰውኛል። ጠባሳውም አለ፣ በሽታውም አለ።" ሩቅያ "ምን አለች?" ስትለኝ፣ "አመሰግናለሁ አለችሽ" አልኳት።

በመጨረሻ ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስገቡኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚሆነው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ለቀዶ ጥገና አላደረሰም። "እረፊ፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ" አለኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ተኛሁ። እኛ አካባቢ ሰው ሲታመም ጎረቤት አይተኛም፤ ሴቶቹ ተራ ገብተው ሆዮን አነሡ፣ አጠቡ፣ አበሉ። እኔን ግን ማንቆርቆሪያ እንኳ አላስይዝ አሉኝ። ለመነሣት ስሞክር "ተኚ!" የሚል ድምፅ ከሦስት በኩል ይመጣል። ደግነታቸውን አልረሳውም፤ እሱው ግን ጎዳኝ። ሕመሙ እየቀለለ ሲሄድ እግሮቼ ቀጥነው፣ ጉልበቴ ሙሽሽ ብሎ ነበር። ከመስገጃዬ ተነሥቼ መቆም ስላቃተኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። ሌሊት ሌሊት የሚያስፈራኝ ወገቤ አልነበረም። ሆዮ ብትወድቅ ማን ያነሣታል የሚለው ነበር።

ይህንኑ አብዲም አሰበው። ከቡርዖ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ሆዮን ልወስዳት ነው" አለ።

"የት?" አለች ሆዮ።

"ቤቴ ነዋ።"

"ቤትህን ለዒድ አየዋለሁ። ቤቴ ይሄ ነው።"

"ጎረቤት እስከ መቼ ያነሣሻል? ፈርዶሳ እንደሆነች ለራሷም አልሆነችም።"

እውነቱን ነበር። ሆዮ ግን ጤነኛ እጇን አንሥታ ወደ እኔ ጠቆመች። "እስከ አረፋ ስጣት። በአረፋ ማግሥት ካነሣችኝ እቀራለሁ። ካላነሣችኝ እሄዳለሁ፣ አላለቅስም።" አብዲም ተስማማ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ጥግ ላይ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ፣ ማንም ተውሷቸው የማያውቅ የስፖርት መጻሕፍት ነበሩ። ወደ ሥራ በተመለስኩ ጊዜ ከነዚያ መካከል አንዱን መረጥኩ። የመረጥኩበት ምክንያት አሁን ያሳፍረኛል፦ አዲሱና ወፍራሙ እሱ ነበር፤ በየገጹም በደንብ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለው። ሽፋኑ ላይ ትከሻውን ዘይት የተቀባ፣ ሸሚዝ የሚባል ነገር የማያውቅ ጎረምሳ ስለነበረ ጋዜጣ ለበድኩበትና በባጃጅ ይዤው ገባሁ።

እንግሊዝኛዬ የመዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ ነው። ግን አንድም ቃል አልዘለልኩም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለተጻፈ ነገር ያለውን ክብር በልጅነቱ የተማረ አያውቀውም። እኔ ቁርኣን ስቀራ ኡስታዙ ያንዷን መስመር ፊደል እስካላስተካከልኩ ወደ ሌላዋ አያሳልፈኝም ነበር፤ በማታው ትምህርት ቤትም እንደዚያው። መጽሐፍ ያዛል፣ አንባቢ ይታዘዛል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ይኸኛው ደግሞ በየጊዜው ክብደት ጨምር ይላል። ብረት የለኝም፣ ጀሪካን ግን አለኝ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ልክ ደስ ይለኛል። ጨምር ሲለኝ በሊትር እየለካሁ ጨመርኩ። እግሬን መንዘር ሲጀምረው ሠንጠረዡን አየሁት፤ ስለ መንዘር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ጀሪካኑን ከግቢው መሬት ብድግ ሳደርግ ወገቤ ቆልፎ ያዘኝ። ጀሪካኑም እኔም ወደቅን። ሩቅያ እየሮጠች መጣች።

"ምን ስትሠሪ ነው?"

"ጀሪካን ሳነሣ።"

"ወዴት ልትወስጂው?"

"ወዴትም። አንሥቼ መልሼ ላስቀምጠው።"

ጀሪካኑን አቃናችው። "እኔ እምልሽ ፈርዶሳ፣ ውኃ ወይ ይጠጣል ወይ ይታጠቡበታል። ሌላ ሥራ የለውም።"

ሆዮ ከውስጥ ሆና በአማርኛ ጮኸች፦ "በሕይወት አለሽ?"

"አለሁ!"

"እንግዲያው ለአብዲ እንዳትነግሩት!"

ወደ ሰብለ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሰብለ የደሴ ልጅ ናት፣ እዚህ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆና ትሠራለች፤ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴ መልሶ የማቅናት ሕክምና ነው። እግሬን አንሥታ አየች፣ ጣቶቼን እንድገፋት አደረገች፣ ሽንቴን መቆጣጠር አቅቶኝ እንደሆነ፣ መቀመጫዬ ደንዝዞ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለመሆኑን ስነግራት ተነፈሰች። ከዚያ "ምን ስታደርጊ ነው?" አለች። ነገርኳት። "በይ መጽሐፉን አምጪው" አለችኝ።

በማግሥቱ ከነጋዜጣው ወሰድኩላት። ጋዜጣውን ገልጣ ጎረምሳውን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

"ይሄ መጽሐፍ የተጻፈው ለማን ነው?"

"ጠንካራ መሆን ለሚፈልግ ሰው።"

"እስቲ እንዳንቺ ያለ ሰው የት ላይ እንዳለ አሳዪኝ።"

መግቢያውን አወጣሁላት። አንባቢው ጤነኛ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊትም ለረጅም ጊዜ ክብደት ሲያነሣ እንደቆየ ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ከጎኑ እያንዳንዱን ቃል በተለየ ወረቀት ተርጉሜዋለሁ።

"ታዲያ አንብበሽዋል!" አለች።

"አንብቤዋለሁ። ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም።"

ሰብለ አልሳቀችም። "ከባድ ነገር አታንሺ ያለሽስ ሐኪም፣ ለስንት ጊዜ ነው ያለሽ?"

"አልነገረኝም።"

"አልጠየቅሽውማ። ያ ለመጀመሪያው ሰሞን ነው እንጂ ለዕድሜ ልክ አይደለም። አንዱ አታንሺ ሲልሽ ተኛሽ፣ አንዱ አንሺ ሲልሽ ወገብሽን ሰበርሽ። ሁለቱንም አንድ ጥያቄ አልጠየቅሻቸውም። እህቴ፣ መጽሐፍ ሲጠየቅ አይቆጣም።"

ይህን ቃሏን ይዤ ወጣሁ።

ሕመሜ እስኪበርድ ሰብለ የሰጠችኝን ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ሠራሁ። በዚያው ሳምንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የስፖርት መጻሕፍቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርኩ። አንተ የተጻፍከው ለማን ነው? ከየት ትጀምራለህ? ሲያመኝ ምን አድርጊ ትላለህ? ሳምንት ቢያመልጠኝስ? ያ ጎረምሳው ያለበት ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ሌላው በአንድ ወር ሌላ ሰው አደርግሻለሁ ይላል፣ በየገጹም የደራሲው ፎቶ አለ፤ መጨረሻው ላይ የቃላት ማውጫ እንኳ የለውም። እሱንም መለስኩት። የዩኒቨርሲቲ መማሪያ የሚመስለው ትልቁ መጽሐፍ ስለ ጡንቻ የማያውቀው ነገር የለም፣ ግን ነገ ጠዋት ምን ላድርግ ብትሉት መልስ የለውም። ከእሱ አንድ ምዕራፍ ብቻ ጠቀመኝ፤ ጉልበት የሚገነባው ስናነሣ ሳይሆን ካነሣን በኋላ ስናርፍና ስንበላ መሆኑን ያስረዳል። የቀረውን አላነበብኩትም። መጽሐፍ ጀምሬ ሳልጨርስ ስተው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጨረሻ እጄ የገባው ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ፎቶ የለውም፣ በእርሳስ የተሳሉ ጥቂት ሥዕሎች ብቻ። የመጀመሪያው ትምህርት ከወንበር መነሣት ነው! ከሕመም በኋላ ስለሚመለስ ሰው ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ፕሮግራም የሚለውን ቃል ያስረዳኝም እሱ ነው፤ ምን ያህል እንደምታነሺ፣ መቼ እንደምትጨምሪ፣ መቼ እንደምታርፊ አስቀድሞ ማሰብ ማለት ነው፤ ሰውነትሽ እምቢ ሲል መቀነስም የዚያው አካል እንጂ ስንፍና አይደለም። ለምን እንደሆነ ሳያስረዳ የሚያዝዘው ነገር የለም። በሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ደራሲው ይህን በእርግጠኝነት አላውቅም ብሎ ጽፏል። ያንን ደጋግሜ አነበብኩት። አላውቅም የሚል መጽሐፍ አይቼ አላውቅም ነበር። ያመንኩት ለዚህ ነው።

ሰብለ አየችው፤ የማይሆነኝን በእርሳስ ሰረዘች፣ እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ማታ ቤት ውስጥ ዳር ዳሩ ላይ ስጽፍ ሆዮ አየችኝ።

"መጽሐፍ ላይ ትጽፊያለሽ? አስተግፊሩላህ!"

"ሆዮ፣ የስፖርት መጽሐፍ ነው እኮ።"

"ቢሆንስ! ስንት ዓመት ለፍተሽ ያገኘሽውን ፊደል?"

"ለፍቼ ስላገኘሁት ነው የምጽፍበት።"

አላመነችኝም፤ ግን ከማግሥቱ ጀምሮ አሠልጣኜ ሆነች። ከወንበሯ ላይ ሆና ከዓይኗ የሚያመልጣት ነገር የለም። ከወንበር እየተነሣሁ እቀመጣለሁ። ቀጥሎ ጀሪካኑን በርጩማ ላይ አድርጌ፣ ጥቂት ውኃ ይዞ፣ ዳሌዬን ወደ ኋላ እየገፋሁ አነሣዋለሁ። "ጎበጥሽ!" ትላለች። ስስተካከል "አሁን ሰው መሰልሽ" ትላለች። እሷም በጤነኛ እጇ የውኃ ጠርሙስ ይዛ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ በጤነኛ እግሯም ወለሉን ትገፋለች። ሩቅያ ልትስቅብን መጥታ፣ ሳትስቅ ቁጭ ብድግ ብላ ሄደች። በርጩማው በጡብ ተተካ፣ ጡቡም ተነሣ። ጀሪካኑ መሬት በወረደበት ሰሞን አንድ ቀን ግንባሬን መስገጃው ላይ አድርጌ፣ ምንም ሳልይዝ ተነሣሁ። ወንበሩ ከኋላዬ ነበረ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰብለ ሰው ማንሣት ከጀሪካን እንደሚለይ አስተማረችኝ፤ ብብት አይያዝም፣ ወገቧ ላይ ሰፊ ቀበቶ ይታሰራል፣ ጉልበቷ በጉልበቶቼ መካከል ይሆናል፣ እሷም በጤነኛ እግሯ ትገፋለች። ከአረፋ በፊት አነሣኋት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ደጋግሜ። ጎረቤቶቹን አመስግነን አሰናበትን።

አረፋን አብዲም ከእኛ ጋር ዋለ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳስተናግድ፣ ድስት ሳወርድ ሳወጣ ዋልኩ። በማግሥቱ ስነቃ ባቴን ይነዝረኝ ነበር። ሆዮን ሊወስድበት የተከራየው መኪና ደጅ ቆሟል። አብዲ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እሺ ፈርዶሳ፣ ቢስሚላህ በይ" አለኝ።

ቀበቶውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። ባነሣት ምናልባት ይሆን ነበር። ምናልባት ደግሞ እዚያው እወድቅና ነገሩ ያበቃል። ባላነሣትም ትሄዳለች።

"ዛሬ አላነሣትም" አልኩ።

"ምን ማለት ነው?"

"እግሬን ይነዝረኛል። ዛሬ የመቀነሻ ቀኔ ነው። ነገ።"

"ነገ! ወላሂ እኔ ብዬ ነበር!" ወደ ሆዮ ዞረ። "አላልኩም?"

ሆዮ አየችኝ። ልጅ ሆኜ ትኩሳት እንዳለብኝ ስታይ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ። ከዚያ ለእሱ፣ "ዛሬ አንተ አንሣኝ" አለችው። "አልጋ ላይ አልውልም።"

አብዲ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ገባ። ብብቷን ያዘ።

"ክንዴን ልትነቅለው ነው? ቀበቶውን ያዝ!"

"እሺ፣ እሺ..."

"ጉልበትህን እጠፍ! እንደ ግመል አትገተርብኝ!"

ወንበሯ ላይ ሲያስቀምጣት ፊቱ በላብ ርሷል። ወገቡን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ይሄ በየቀኑ ነው?" አለኝ።

"ጠዋትና ማታ።"

"እኔ ሥራ ስውል እቤት ያለችው..." ብሎ የሚስቱን ስም ሳይጠራ ተወው። ቡርዖ ሆዮን ማን እንደሚያነሣት ያን ጊዜ ነው ያሰበው መሰለኝ። መኪናውን ግን አላሰናበተም፤ ሾፌሩን ለነገ ቀጠረው።

ቀኑን አረፍኩ። ማታም እሱ አነሣት። ሲነጋ እግሬ ዝም ብሎ ነበር። ቀበቶውን አሰርኩላት፣ ጉልበቷን በጉልበቴ ያዝኩ፣ ዳሌዬን ወደ ኋላ ገፋሁ። "ቢስሚላህ" አልን፣ ሁለታችንም። ተነሣች። ቆመን ትንሽ ቆየን፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነበር።

"ከበድኩሽ?" አለችኝ በአማርኛ።

"ትንሽ። የአረፋ ሥጋ ነው።"

ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት። አብዲ ብቻውን ወደ መኪናው ሲሄድ ሆዮ ጠራችው፦ "መኪናው ባዶውን አይሂድ፤ ለልጆቹ ሥጋ ጫንበት!"

ዛሬም ወገቤ አንዳንድ ቀን ይናገራል፤ እሰማዋለሁ። ወገብሽን ይዘሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፦ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ እግርሽ ከሰነፈ ወይም መቀመጫሽ ከደነዘዘ መጽሐፍ ፍለጋ አትሂጂ፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። እንዲያ ካልሆነም በመጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይይሽ። ከዚያ መጽሐፍ ስትመርጪ ውፍረቱንም ሽፋኑንም ተዪው፤ ለማን እንደተጻፈ ጠይቂው፣ ስትወድቂ ምን እንደሚልሽ ጠይቂው። መልስ ከሌለው መልሰሽ ደርድሪው። ቀጭኑን መጽሐፍ ሽፋኑን ለጥፌ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ በእርሳስ የጻፍኩትን አላጠፋሁም። ጎረምሳው ባለበት ውስጥ ደግሞ መግቢያውን አስቀድማችሁ አንብቡ የምትል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

እዚህ ላይ ላቁም። ሆዮ እየጠራችኝ ነው፤ የምትነሣበት ሰዓት ደርሷል።